መቁረጥና መጠበቅ

በአማርኛችን ቆሽት የሚታወቀው በንዴት ነው። የተበሳጨ ሰው «ቆሽቴ አረረ» ይላል፤ ልጅ ያስቸገራት እናት «ቆሽቴን አሳረርከው» ትላለች። ከዚህ ወዲያ ስለ ቆሽት የሚያስብ ብዙ ሰው የለም። ከጨጓራ ጀርባ ተጋድሞ፣ ምግብ የሚያልምበትን ጭማቂና የደም ስኳርን የሚቆጣጠረውን ኢንሱሊን እያመነጨ፣ ድምፁን አጥፍቶ የሚሠራ አካል ነው። እኛም የቋንቋና የፍልስፍና ተማሪዎች ስለሆንን፣ እስካለፈው ዓመት ድረስ ስለ ቆሽት የነበረን ዕውቀት ከዚህ ፈሊጥ አያልፍም ነበር ብንል ሐሰት አይሆንብንም።

ነገሩን ያመጣብን የአንዲት ጓደኛችን እናት ጉዳይ ነው። ሴትዮዋ ዕድሜያቸው 58 ነው፤ ሸዋ ሮቢት ትንሽ ሱቅ አላቸው። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ጎናቸውን ሲወጋቸው ሰንብቶ አዲስ አበባ መጡ። ሲቲ ስካን ተነሡ። የወጋቸው የኩላሊት ጠጠር ነበር፤ በሳምንቱ ወጣ፤ ሕመሙም ለቀቃቸው። ይሁን እንጂ ጠጠሩን ያሳየው ምስል ያልተጠየቀውንም አሳየ። በቆሽታቸው ጭራ ላይ 12 ሚሊ ሜትር የምታህል፣ የሽምብራ ፍሬ የምታክል ነገር ተቀምጣለች። ሌላ ምስል ተጨመረ፤ በአፍ በሚገባ ቱቦ በመርፌ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ ኒውሮኢንዶክሪን የሚባል ዕጢ መሆኑን፣ ያውም ቀስ ብሎ ከሚያድገው ወገን መሆኑን ተናገረ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። እናትየውን አስቀምጦ፣ «እማማ፣ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቀዶ ሕክምና ነው። ሁለተኛው በየጊዜው እያየን መጠበቅ ነው። ሁለቱም ስሕተት አይደሉም» አላቸው። እሳቸውም ትንሽ ዝም አሉና፣ «ሁለቱም ስሕተት ካልሆኑ፣ ልጄ፣ ትክክሉ የቱ ነው?» ብለው ጠየቁት።

ጓደኛችን ይህን ጥያቄ ይዛ ማደሪያ ክፍላችን መጣች። የሕክምና ተማሪዎች እያሉ ወደኛ መምጣቷ መጀመሪያ ገርሞን ነበር። እየቆየን ስናስበው ግን አልተሳሳተችም። ሁለቱም መንገድ በሕክምና የተፈቀደ ከሆነ፣ የቀረው ጥያቄ ሰው በማያውቀው ነገር ላይ እንዴት ይወስናል የሚለው ነው። ይህ ደግሞ የሁላችንም ጥያቄ ነው። በዚህች ጽሑፍ ያሰብነውን ለመዘርዘር እንሞክራለን።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1907 ኦበርንዶርፈር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በአንጀት ላይ ያገኛቸውን ትናንሽ ዕጢዎች «ካርሲኖይድ» አላቸው፤ ካንሰር መሳይ ማለቱ ነው። መልካቸው የካንሰር፣ ጠባያቸው ግን የለዘበ መስሎት ነበር። በ1929 ራሱ ኦበርንዶርፈር ከእነሱም የሚከፉና የሚሠራጩ እንዳሉ ጽፎ የፊተኛ ቃሉን አረመ። የቆሽቱም ዕጢ ከዚያው ዘር ነው። ከተለመደውና ቶሎ ከሚገድለው የቆሽት ካንሰር የተለየ ነው፤ ግን ሙሉ በሙሉ የማይታመን ነው። አንዳንዱ ሆርሞን ያለ ልክ ይረጫል፤ ለምሳሌ ኢንሱሊን የሚረጨው ስኳርን አውርዶ ሰውን መንገድ ላይ ይጥላል። የዚህ ዓይነቱ ትንሽም ቢሆን መታከም ስላለበት ብዙ ክርክር የለበትም። ክርክሩ ያለው ምንም በማይረጨው፣ ምንም በማያሳምመው፣ በአጋጣሚ ምስል ላይ በተገኘው ትንሽ ዕጢ ላይ ነው።

እንዲህ ያለው ዕጢ በዘመናችን የበዛው ሰው ስለ ተበላሸ ብቻ አይደለም፤ መሣሪያው ስለ ተሳለም ነው። በሌላ ምክንያት የሞቱ ሰዎች አስከሬን ሲመረመር፣ እንደ ምርመራው ጥልቀት፣ ከ100 ሰዎች ከ1 ባነሱት አንሥቶ እስከ 10 በሚሆኑት ቆሽት ውስጥ ይህን የመሰለ ትንሽ ዕጢ ተገኝቷል። እነዚያ ሰዎች ዕጢውን ይዘው ኖሩ፣ ይዘውት ተቀበሩ፤ አንድም ሌሊት እንቅልፍ አላጡበትም። በሌላ በኩል ደግሞ ከ2 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ሆኖ ሳለ ወደ ንፍፊት ወይም ወደ ጉበት የተሻገረ ዕጢ አልፎ አልፎ ተገኝቷል። እንግዲህ ትንሽነቱ ያጽናናል እንጂ አይምልም።

ወደ ሴትዮዋ እንመለስ። እሑድ ዕለት በወንድማቸው ቤት ቤተ ዘመድ ተሰበሰበ። እኛም ሁለት ሆነን ጓደኛችንን አጅበን ሄድን። ከሁሉ በፊት የተነሣው ጥያቄ «ለምን ተነገራቸው?» የሚል ነበር። መርዶ በአገራችን ወግ አለው፤ ዘመድ ተጠርቶ፣ ሰዓት ተመርጦ፣ የሚይዝና የሚደግፍ ሰው ቆሞ ነው የሚነገረው። ለዚህኛው ግን ወግ አልተሠራለትም። የሞተ የለም፤ የታመመ እንኳ የለም ማለት ይቻላል። አንዲት አክስት ሲያለቅሱ፣ እናትየው ራሳቸው «ኧረ ተይ! እኔ መቼ ሞትኩ?» ብለው ቡና እንዲፈላ አዘዙ።

ከዚያ አጎትየው ተናገሩ። የአጎትየው ሐሳብ አጭር ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። እሳት ትንሽ ነው ተብሎ ይጠበቃል እንዴ? ያ የአፕል ባለቤት የነበረው ሰውዬ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ እያለው፣ እጠብቃለሁ ብሎ አይደል የሞተው?» አሉ።

ክርክሩ ተራ ክርክር አይደለም፤ መልስ ይገባዋል። ስቲቭ ጆብስ እ.ኤ.አ. በ2003 በቆሽቱ ላይ የዚህ ዘር ዕጢ ተገኘበት። ሐኪሞቹ በቀዶ ሕክምና እንዲወጣ ሲመክሩት፣ ዘጠኝ ወር ያህል በምግብና በመሳሰለው አድናለሁ ብሎ ቆየ። በ2004 ተቀደደ፣ በ2009 ጉበት ተተከለለት፣ በ2011 አረፈ። ቀድሞ ቢቀደድ ይድን ነበር ወይ ለሚለው ማንም በእርግጠኝነት መልስ የለውም። ግን አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ጆብስ የጠበቀው ጠብቅ ተብሎ አይደለም፤ አትጠብቅ ተብሎ ነው። የእሱ ታሪክ ምክርን ስለ መሸሽ ያስተምራል፤ ከሐኪም ጋር ተስማምቶ ስለ መጠበቅ ግን የሚነግረን ጥቂት ነው። የዝነኛ ሰው ሞት ጥሩ ማስፈራሪያ ቢሆንም ጥሩ ማስረጃ አይደለም።

ይሁንና አጎትየውን ያናገረው የጆብስ ታሪክ ብቻ አይመስለንም፤ ቋንቋችንም አለበት። አማርኛችን ለቢላዋ ያደላል። ቆራጥ ሰው ይመሰገናል፤ ወላዋይ ይናቃል። «ቁርጡን ንገረኝ» እንላለን፤ ዋጋ እንቆርጣለን፣ ቀን እንቆርጣለን። ነገር አለቀ የምንለው ሲቆረጥ ነው። ታዲያ በዚህ ቋንቋ ያደገ ሰው ፊት «ልቁረጥ ወይስ ልጠብቅ?» ብሎ መጠየቅ፣ «ጀግና ልሁን ወይስ ፈሪ?» ብሎ እንደ መጠየቅ ይሆናል። ግን ይኸው ግስ «ተስፋ ቆረጠ» የሚለውንም ወልዷል። መቁረጥ ሁሉ ጀግንነት አይደለም። አርስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ ጀግንነትን በፈሪነትና በግብታዊነት መካከል ነው ያስቀመጠው፤ ግብታዊው ሰው ብዙ ጊዜ ጀግና ይመስላል። ከፍርሃቱ ቶሎ ለመገላገል ወደ አደጋው የሚሮጥ ሰው፣ የሚሮጠው ፍርሃቱ እየገፋው ነው። የኛም አገር ሰው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ያለው።

ለመሆኑ የቢላዋው ዋጋ ምንድን ነው? ቆሽት እንደ ትርፍ አንጀት በቀላሉ ተቆርጦ የሚጣል አይደለም። ዕጢው በቆሽት ራስ ላይ ከሆነ፣ አለን ዊፕል የተባለ አሜሪካዊ ቀዳጅ እ.ኤ.አ. በ1935 ባስተዋወቀው ቀዶ ሕክምና የቆሽቱ ራስ፣ የትንሹ አንጀት መጀመሪያና የሐሞት ከረጢት አብረው ይወጡና የቀረው ይሰፋል። ብዙ በሚሠሩ ሆስፒታሎች በዚህ ቀዶ ሕክምና የሚሞተው ዛሬ ከ100 ከ5 በታች ነው፤ ጥቂት በሚሠሩት ግን አደጋው ይጨምራል። በጭራው ላይ ከሆነ፣ እንደ ጓደኛችን እናት ማለት ነው፣ ሥራው ይቀልላል፤ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ጣፊያ አብሮ ይወጣል። ጣፊያ የሌለው ሰው ክትባት ያስፈልገዋል፤ ትኩሳት በያዘው ቁጥርም እንደ ሌላው ሰው «ያልፋል» ብሎ መተኛት አይችልም። በየትኛውም ዓይነት ቢሆን ከተሰፋው ቆሽት ጭማቂው ሊያፈስ ይችላል፤ ይህ የተለመደ ጣጣ ነው። ከተቆረጠው ጋር ኢንሱሊን አመንጪው ክፍል ስለሚሄድም የስኳር በሽታ የሚጀምራቸው አሉ። እንግዲህ አንዲት ምንም ያላመማት ሴት ጤነኛ ሆና ገብታ በሽተኛ ሆና ልትወጣ ትችላለች። ሽምብራዋ ግን ትወጣላታለች፤ ይህም እውነት ነው። ዕጢው ይሠራጭ እንደሆነ ማሰቡ በአብዛኛው ይቀርላታል። ቀላል ትርፍ አይደለም።

የመጠበቁስ ዋጋ? የአውሮፓ የኒውሮኢንዶክሪን ዕጢዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ ሆርሞን የማይረጭና ከ2 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ዕጢ እየታየ ሊጠበቅ እንደሚችል አስፍሯል፤ በ2023ም ይህን ሐሳብ አልተወም። የሰሜን አሜሪካው ማኅበር በ2020 ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ያለው ይጠበቅ፣ ከ1 እስከ 2 ያለው እንደ ሰውየው ሁኔታ ይወሰን ብሏል። የጓደኛችን እናት 12 ሚሊ ሜትር እዚህ መካከል ላይ ነው የወደቀችው። በጣሊያን ሐኪሞች መሪነት በ2017 የተጀመረው አስፐን የተባለው ጥናት በ2022 መካከለኛ ውጤቱን ሲያወጣ፣ ከተመዘገቡት 500 ሰዎች 406ቱ መጠበቁን፣ 94ቱ ቀዶ ሕክምናውን ይዘው ነበር። ከጠበቁት መካከል አብዛኞቹ ዕጢያቸው ጉልህ ለውጥ አላሳየም። ግን ክትትሉ ገና የሁለት ዓመት ገደማ ነበር፤ ቀስ ብሎ ለሚያድግ ነገር ሁለት ዓመት አጭር ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ለትዕግሥተኛ ሰው ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ ለዕጢም ይሠራል።

ከዚህም በላይ በዚህ ዕጢ ላይ ዕጣ ጥሎ፣ ግማሹን ቀድዶ ግማሹን ጠብቆ ያወዳደረ ጥናት የለም። ቀዶ ሕክምና የመረጡት ሌሎች፣ መጠበቅን የመረጡት ሌሎች ናቸው፤ ስለዚህ ሁለቱን ማነጻጸር ያዳግታል። ዕጣ የተጣለበትን ለማየት ወደ ሌላ አካል መሻገር አለብን። በእንግሊዝ አገር የፕሮስቴት ካንሰር የተገኘባቸው 1,643 ወንዶች በዕጣ ለክትትል፣ ለቀዶ ሕክምናና ለጨረር ተመደቡ። ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ2023 እንደ ተነገረው፣ በሦስቱም ምድብ በዚሁ ካንሰር የሞቱት ከ100 ወደ 3 ገደማ ብቻ ነበሩ። ሥርጭት የታየባቸው ግን ከተጠባቂዎቹ ከ100 ወደ 9፣ ከሌሎቹ ወደ 5 ነበሩ። ፕሮስቴት ቆሽት አይደለም፤ ቁጥሩን ገልብጠን ለጓደኛችን እናት መስጠት አንችልም። ትምህርቱ ግን ይተላለፋል። መጠበቅ እንደምንፈራው ገዳይ፣ እንደምንመኘውም ነፃ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንድረስ። ሐኪሙ ቆርጦ ሴትዮዋ በቁስሉ ጣጣ ቢሞቱ፣ ለቅሶ ቤት የሚባለው «የተቻለው ሁሉ ተደረገ፤ እግዜር አልፈቀደም» ነው። ሐኪሙ ጠብቆ ዕጢው ቢሠራጭ ግን «እያየ ገደላቸው» ይባላል። ሞቱ አንድ ነው፤ ፍርዱ ሁለት። ያደረገ ሰው ሲሳሳት እናዝንለታለን፤ የተወ ሰው ሲሳሳት እንከሰዋለን። ይህ ሚዛን በሐኪሙ ላይ ብቻ ሳይሆን በልጅቱም፣ በአጎትየውም ላይ ተቀምጧል። እንግዲህ አጎትየው «ይቆረጥ» ሲሉ የእኅታቸውን ጤና ብቻ ነው ያሰቡት ወይስ ነገ ከሚመጣባቸው ወቀሳም መሸሻ ፈልገው ነበር? ይህን የምንለው እሳቸውን ለመክሰስ አይደለም፤ እኛም በቦታቸው ብንሆን ያው ነን። ነገር ግን በሌላ ሰው ሆድ ላይ ቢላዋ ከማዘዛችን በፊት፣ የምናክመው የማንን ፍርሃት እንደሆነ ራሳችንን መጠየቅ ግዴታችን ይመስለናል።

እዚህ ላይ ከመካከላችን አንዱ ተቃወመ። ተቃውሞው ጠንካራ ስለሆነ እንዳለ እናስፍረው። «ፍርሃት ሕመም አይደለም ያለው ማነው? ሴትዮዋ ሌት ተቀን ሆዳቸውን እየዳሰሱ ከሚኖሩ፣ ቢቆረጥላቸውና ቢያርፉስ? ለጎን ውጋት መድኃኒት የሚሰጥ ሰው ለልብ ውጋት ሲሆን ለምን ይሰስታል?» አለ። ሌሊቱን ሙሉ ተከራከርን፤ መብራት ጠፍቶ እንኳ አላቆምንም። በመጨረሻ የደረስንበት ይህ ነው። የራሷ የባለቤቷ ፍርሃት በሚዛኑ ላይ መቀመጥ አለበት፤ መመሪያዎቹም የታካሚውን ፈቃድ ከምክንያቶች ይቆጥሩታል። አንዲት ሴት ሁሉን ሰምታ፣ አውቃ፣ «ይህን ተሸክሜ መኖር አልችልም» ካለች፣ መብቷ ነው፤ ፈሪ የሚላት ሰው ይፈር። የዘመዶቿ ፍርሃት ግን በእሷ ሥጋ የሚታከም አይደለም። ሐኪሙም ወቀሳ ፈርቶ የሚቆርጥ ከሆነ፣ ሽምብራዋን አወጣ እንጂ አላከመም።

ታዲያ መጠበቅስ መቼ ነው የሚጸድቀው? ለዚህ መልስ የሰጡን እናትየው ናቸው። ያን እሑድ ሁሉም ተናግሮ ሲበቃው፣ ሲኒያቸውን አስቀምጠው እንዲህ አሉ፦ «እኔ ልጅ ሳለሁ ማሽላ ጠብቄአለሁ። ማማ ላይ ወጥቶ መጠበቅ ሥራ ፈትነት እንዳይመስላችሁ። ወንጭፍ ትይዛላችሁ፣ ድንጋይ ትሰበስባላችሁ፣ ከንጋት እስከ ጀምበር ዓይናችሁን አትነቅሉም። የተኛ ልጅ ማሽላውን ወፍ ይበላበታል፤ ወፍ ገና ሳይመጣ ማሽላውን ካጨደም አባቱ ይገርፈዋል።»

እኛ የቋንቋ ተማሪዎች ነን ባዮች ያላየነውን አዩት። በአማርኛችን «መጠበቅ» ሁለት ነገር ነው። አውቶቡስ ይጠበቃል፤ ከብትም ይጠበቃል። አንዱ እጅን አጣጥፎ እስኪመጣ መቆየት ነው፤ ሌላው ዘብ መቆም ነው። ዘበኛውም ጠባቂ ነው፣ እረኛውም ጠባቂ ነው። ሐኪሙ «እንጠብቅ» ሲል አጎትየው የሰሙት የመጀመሪያውን ነው፤ ሐኪሙ ያለው ግን ሁለተኛውን ነው። ጭቅጭቁ ሁሉ የተነሣው በአንድ ግስ ሁለት ሆድ ምክንያት ነበር ለማለት ይቻላል።

ከዚህ የምንወስደው ሐሳብ ይህ ነው። ዘብ የሆነ መጠበቅ ሦስት ነገር አለው። አንደኛ፣ ቀን አለው፤ ምስሉ መቼ እንደሚነሣ፣ መጀመሪያ በስድስት ወር፣ ቀጥሎ በዓመት፣ አስቀድሞ ተቆርጧል። ሁለተኛ፣ ወሰን አለው፤ ዕጢው በዓመት ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ ካደገ፣ ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ካለፈ፣ ወይም የቆሽቱን ቧንቧ ከዘጋ፣ ወንጭፉ ይወረወራል። ሦስተኛ፣ ባለቤት አለው፤ ቀኑ ሲደርስ ማን ይደውላል፣ ምስሉን ማን ያነባል፣ የሚለው በስም ይታወቃል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ያ መጠበቅ ሳይሆን መርሳት ነው። መርሳት ደግሞ በትዕግሥት ስም ሲጠራ ከችኮላም ይብሳል።

የማሳወቁም ጉዳይ እዚህ ላይ መልስ ያገኛል። «ለምን ተነገራቸው?» ላሉት ዘመዶች መልሳችን እንዲህ ነው። ቆረጣ በሰመመን በተኛ ሰው ላይ ይቻላል፤ ጥበቃ ግን የነቃ ሰው ይፈልጋል። ማማው ላይ የሚወጡት እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው ደብቆ እሳቸውን መጠበቅ አይቻልም።

ነገር ግን እዚህ ላይ አቁመን «ስለዚህ መጠበቅ ይሻላል» ብንል ውሸታሞች እንሆናለን። ማማ የሚሠራው መሬት ላይ ነውና መሬቱን ማየት አለብን። ከሸዋ ሮቢት አዲስ አበባ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለአንድ ምስል መሳፈሪያ አለ፣ የምርመራ ክፍያ አለ፣ ሱቅ መዝጋት አለ፣ በወንድም ቤት እንግዳ መሆን አለ፤ ባለፉት ዓመታት እንዳየነው ደግሞ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ልጅ አዲስ አበባ የሌላት፣ ወንድም የሌላት፣ ገንዘብ የሌላት ሌላ ሴት ያንኑ 12 ሚሊ ሜትር ብትይዝስ? ለእሷ «በስድስት ወር ተመለሺ» ማለት «ሂጂ» ማለት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ላለችው ሴት፣ ሥራውን አዘውትሮ የሚሠራ ቀዳጅ ከተገኘ፣ አንዴ ተቆርጦ መገላገሉ የቀናው መንገድ ሊሆን ይችላል። የ30 ዓመት ሰውም እንደዚሁ ነው፤ የሚጠብቀው 10 ዓመት ሳይሆን 40 ዓመት ነውና ሚዛኑ ወደ ቢላዋው ሊያጋድል ይችላል። ድኻ ግን ከሁለቱም በኩል ይጠቃል፤ ጥሩ ቆራጭም ጥሩ ጠባቂም የሚገኘው ራቅ ብሎ ነውና። ስለዚህ «ትክክሉ የቱ ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ዕጢው ውስጥ ብቻ አይደለም የተቀመጠው። ሰውየው ዘንድ፣ ቤተሰቡ ዘንድ፣ መንገዱ ላይም ተቀምጧል። አንድ ዓይነት ዕጢ ሁለት ዓይነት ትክክል ሊኖረው ይችላል። ይህ ግን «ሁሉም እንደ ሰው ሰው ነው» ብሎ ነገሩን መሸሽ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ሰው ጠባቂ ማን እንደሆነ ጠይቆ ከመወሰን ግዴታ ማንንም ነፃ አያወጣም።

የጓደኛችን እናት በመጨረሻ ሐኪሙ ፊት የተናገሩት ቃል እነሆ፦ «ቀን ቁረጥልኝና ልጠብቅ።» ሁለቱንም ግስ በአንድ አፍ ተናገሩት። ሐኪሙ ሣቀና ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ጻፈላቸው፦ ቀኑን፣ ወሰኑን፣ የሚደውለውን ሰው። የሚደውለው ሰው ጓደኛችን ናት። አጎትየው አኩርፈው ወጡ፤ በማግሥቱ ግን ለመጪው ምስል የሚሆን ገንዘብ በፖስታ አሽገው ላኩ። ፍርሃታቸው አልለቀቃቸውም፤ ሥራ አገኘ እንጂ።

በታኅሣሥ የመጀመሪያው ምስል ተነሣ፤ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ጓደኛችን ወረቀቱን ይዛ ክፍላችን ስትገባ ደስ ይበለን ወይስ አይበለን አላወቅንም። ያልተለወጠ ነገር እንዴት ተብሎ ይከበራል? እሷም አልጋ ላይ ተቀምጣ ጥቂት አለቀሰች፤ ቀጥላም ለእናቷ ደወለች። እናትየው ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ይዘው ስለነበር «ሰማሁ፣ ሰማሁ፤ ሰኔ ስንት ቀን ነው ያልሽኝ?» ብለው ዘጉት።

ሰኔ 8 ነው። ቀኑ በክፍላችን ግድግዳ ላይ በጠመኔ ተጽፏል። ከመካከላችን ማንም አያጠፋውም።